ሳጥኑ ያልተቀበለው ምርቃት

ዘርዓብሩክ ለዶሮ ማነቂያ እድር ሃያ ሦስት ዓመት ጥሩምባ ነፍቷል። ሰው ፊት ሲቆም አንገቱን የሚደፋ፣ "እ... እንግዲህ" ሳይል ነገር የማይጀምር ዓይን አፋር ነው። ጥሩምባውን ነፍቶ የሟች ስም ሲጠራ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አሳጥሮ አይጠራም። ከነማዕረጉ፣ ከነአባቱ፣ የማን እናት የማን ባል እንደሆነ ሁሉ ጨምሮ ነው።

"አንተ ዘርዓ! ስም ጠርተህ እስክትጨርስ እኮ ሬሳው ይነሳል!" ይሉታል የአራዳ ልጆች።

ፈገግ ብሎ ያልፋል። ምክንያት አለው። ሥራውን በጀመረ ሰሞን "አዳነች አርፋለች" ብቻ ብሎ ነበር። በሰፈሩ ሦስት አዳነች መኖሩን ማን ልብ ይበል? ለቀስተኛው እያለቀሰ ሄዶ ደህናዋ አዳነች በር ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ የሽንኩርት ቢላዋ እንደያዘች ብቅ ብላ "ኧረ ማን ሞተብኝ?" ብትል፣ አንዷ ጎረቤት ደንግጣ "አንቺ ነሻ!" አለቻት። ከዚያ ወዲያ የሰው ስም አሳጥሮ አያውቅም።

ትምህርቱን ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ፊደሉን ይለያል፣ ሲገጣጥመው ግን ጊዜ ይወስድበታል። ሰው እያየው መጻፍማ ለሱ ሞት ነው። እንግሊዝኛ ጭራሽ የለም።

ስልክ ሲገዛ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ድምፅ መቅዳት ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። ስንቱን ቀብሮ፣ ድምፁ ከሰውየው ጋር አብሮ መቃብር ሲገባ ቆጭቶት ነው። ከቀዳው ሁሉ ግን የእትዬ ለተክርስቶስ ነገር ለብቻው ነው።

እትዬ ለተክርስቶስ ፒያሳ ውስጥ ጥለትና ክር እየሸጠች የኖረች የትግራይ ሴት ነበረች። አንዲት ልጇ ሉዋም እናቷ ያልወደደችውን ሰው አግብታ መቀሌ ሄደች። እናትየው ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟን አላነሳችም፤ ሰው ሲያነሳባትም ተነስታ ትወጣለች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ስልኩ ተዘጋ። ልጅቷ ትኑር ትሙት የሚነግራት ጠፋ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘርዓብሩክን አስጠራችው።

"ዘርዓ፣ ያን ስልክህን አምጣው። እሷ ስትገኝ እኔ አልገኝ ይሆናል።"

አራት ደቂቃ ተናገረች። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ትግርኛ። "ጓለይ፣ ልጄ፣ ተቀየምኩሽ እንጂ ከልቤ አላወጣሁሽም" ብላ ጀመረች፤ ይቅር ብያለሁ አለች፤ ማህፀንሽ ይለምልም፣ ቤትሽ ይሙላ ብላ መረቀች። መጨረሻ ላይ ሳቀች። ዓመት ሳይሞላት፣ ስልኩም ሳይከፈት አረፈች። ስሟን ጠርቶ ለሰፈር የነገረው ራሱ ዘርዓብሩክ ነው።

መስመሩ እንደተከፈተ ሉዋም ቁጥሩን አፈላልጋ ደወለች።

"ጋሼ፣ እናቴ እንደተቀየመችኝ ነው አይደል የሞተችው?"

"ኧረ በሥላሴ! መርቃሻለች። ድምጿም እኔ ጋ አለ።"

"ይላኩልኛ!"

"እ... እንግዲህ፣ ምርቃት በስልክ አይላክም ልጄ። መጥተሽ በጆሮሽ ስሚው።"

ነገሩ እውነት መሰላት። እውነቱ ግን መላክ አያውቅበትም ነበር፤ ሰው ለመጠየቅም አፈረ።

ሉዋም ሳትመጣ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ሰው እቃውን እየጫነ በየአቅጣጫው ሄደ። የእድሩ ጸሐፊ ማክዳ አምስት ኪሎ የምትኖር የቢሮ ሠራተኛ ናት። ቤቷ ውስጥ ከዋይፋዩ ጋር ያገናኘችው አንድ ጥቁር ሳጥን አለ። ፎቶም ድምፅም ያስቀምጣል፤ ከዚያ ቤት ኮምፒውተር የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል።

"ጋሼ፣ ስልክዎ ላይ ያለውን ሁሉ እዚህ እንገልብጠው" አለችው። "ሰው ቢበተንም ድምፁ አንድ ቦታ ይቀመጥ።"

መጀመሪያ ከስልኩ ወደ ቢሮዋ ላፕቶፕ አዛወሩት፤ ሰባ አራት ሆነ። ማክዳ "ስም ይስጧቸው፣ ካልሆነም አንድ ሁለት ብለው ይቁጠሯቸው" ብትለው ከፋው።

"ሰው ቁጥር ነው እንዴ?"

ሦስት ቀን እየተመላለሰ በአንድ ጣት ጻፈ። እምብዛም ለማያውቃቸው አጠር አደረገ፦ የኑሪ፣ የሙሄ፣ የአቶ እምሩ። ለሚወዳቸው ግን ጥሩምባ ነፍቶ እንደሚጠራቸው አድርጎ ነው። ለአንዱ ይህን ጻፈለት፦ "የእናታችን የወይዘሮ ለተክርስቶስ ገብረዮሐንስ ለልጃቸው ለሉዋም ተክላይ የሰጡት ምርቃት"። ይህን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጨርሶ ሲያየው ደስ አለው።

በአራተኛው ቀን ማክዳ ሁሉንም ሰብስባ ወደ ሳጥኑ መገልበጥ ስትጀምር ስልክ ተደወለላትና ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው ላፕቶፑ ላይ አንድ ትንሽ መስኮት ብቅ አለ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ከሥሩ የሚጫኑ ሁለት ነገሮች አሉ። ዘርዓብሩክ ወደ ጓዳው አየ። ድምጿ ይሰማዋል። "ማክዳ፣ ምን ይላል?" ማለት ብቻ ነበር። አላለም። አንዱን ተጫነው፣ ጠፋ። እፎይ አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መጣ። ደግሞ ተጫነው።

"እንዴት ነው ጋሼ?" አለች ማክዳ ስትመለስ።

"እ... እንግዲህ፣ ደህና ነው። አልቋል።"

ስልኩ ሞልቶ ስለነበር ያን ቀን ማታ ድምፆቹን ሁሉ ከላዩ አጠፋ። ላፕቶፑም የያዘው ሁሉ ተጠርጎ ለቢሮው ተመለሰ።

ሉዋም የመጣችው ዘንድሮ ነው። ማክዳ ቤት ሦስቱም ተቀመጡ። ማክዳ በኮምፒውተሯ ሳጥኑን ከፈተች፣ ፈለገች። የለም። ሽቦውን ነቅላ ሰካችው። ሞልቶ እንደሆነ አየች፤ ግማሹ ባዶ ነው። ቆጠረች።

"ስልሳ አንድ ነው ያለው። ሰባ አራት አልነበረም ጋሼ?"

ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉም አጫጭር ናቸው። የኑሪን ድምፅ ወደ ኮምፒውተሯ አወረደች፣ ስሙን አስረዘመችና መልሳ ወደ ሳጥኑ ላከችው። ያ መስኮት ብቅ አለ።

"ይሄ ያን ቀን መጥቶ ነበር?"

"...መጥቷል።"

"ስንቴ?"

"አስራ ሦስቴ" አለ። ቆጥሮት ነበር።

"ታዲያ ምን አደረጉት?"

"ገፋሁት።"

"ኧረ ጋሼ! እዚሁ እኮ ነበርኩ! ለምን አልጠሩኝም?"

"እንግሊዝኛ ነው... በየደቂቃው ማክዳ፣ ማክዳ ብልሽ... ይሄን የሚያህል ሰውዬ ብዬ።"

ማክዳ ግንባሯን ያዘች። "ስሙ ረዘመ ነው የሚለው። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ሌባ እንዳይከፍተው ብዬ ቆልፌው ነበር፤ ሲቆለፍ ደግሞ ረጅም ስም አይወድም። የኛ አንድ ፊደል ለሱ እንደ ሦስት ነው የሚቆጠረው። ክፍተቱን ጨምሮ አርባ ሰባት ፊደል ገደማ ካለፈ አይቀበልም። የተጫኑት 'እለፈው' የሚለውን ነው። አሳጥረነው ብንልከው ኖሮ ይገባ ነበር።"

ስልኩን ፒያሳ አንድ ባለሙያ ጋ ወሰዱት። ሰውየው ሁለት ቀን ሞከረ። "ላዩ ላይ ብዙ ነገር ተቀድቶበታል" ብሎ መለሰላቸው።

ከሱቁ ሲወጡ ሉዋም እንባ የላትም። እስከ ታክሲው ድረስ አብረው ሄዱ።

"ምን አለች ጋሼ?"

ነገራት። ከልቤ አላወጣሁሽም ያለችውን፣ ይቅር ያለችውን፣ ማህፀንሽ ይለምልም ያለችውን። ቃሉ አንድም አልጠፋውም። በሱ አፍ ሲወጣ ግን እትዬ ለተክርስቶስን አይመስልም፤ ለቅሶ ቤት የሚባለውን ይመስላል። ለራሱም ተሰማው።

"ሳቀች ደግሞ። መጨረሻ ላይ ሳቀች" ብሎ ጨመረ።

"እናቴ?"

"ሥላሴን!"

"አይማሉ ጋሼ።" እጁን ያዘችው። "ለቅሶ ቤት ስንቴ ተቀምጫለሁ። ሟች ሁሉ ይቅር ብሎ ነው የሚሞተው። ሰው እንዳይከፋው ተብሎ የሚነገር ነው፤ አውቃለሁ። እርስዎም ጥሩ ሰው ነዎት።"

"እኔ እንኳ... እንግዲህ..." አለ።

ትከሻውን ስማ ታክሲ ውስጥ ገባች።

አመነችው ወይስ አዘነችለት፣ እስከ ዛሬ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ሊጠይቃት ስልኩን ያወጣና ቁጥሯን ያያል። ምን ብሎ እንደሚጀምር ያስባል፣ ያስባል፤ ከዚያ ኪሱ ይመልሰዋል።