የኦካ ስምንቶች

ኦካ ሃርበርትስ ሰው ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት። ወሬ ወዳ አይደለም፤ እንጀራዋ ነው። በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ፣ በምሥራቅ ፍሪስላንድ የባሕር ግድብ ሥር ያሉትን መንደሮች እየዞረች፣ ለጥናት ዕጣ የወጣላቸውን እነዚያኑ አርባ ሦስት ቤቶች ታንኳኳለች። ሥራችሁ እንዴት ነው፣ ጤናችሁስ፣ ቢቸግራችሁ ማን ይደርስላችኋል ትላለች፤ መልሱን ላፕቶፗ ላይ ሞልታ ሃኖቨር ከተማ ላለው የጥናት ቢሮ ትልካለች።

ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ ሕጉ ብዙ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው አኩራፊ ቢሆን እንኳ ተጫዋች ጎረቤቱን ተክቶ መጠየቅ አይቻልም። ጥያቄውም እንደተጻፈው ቃል በቃል ይነበባል። ኦካ ይህን ሁሉ ታከብራለች፤ ከመጨረሻዋ ጥያቄ በቀር። ጥያቄዋም «በአጠቃላይ ሲታይ በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል? ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ይስጡ» የምትል ናት።

ጥፋቱ የአገሩ ሰው ነው። ቤቱ ሲቃጠል «ዛሬ ሞቅ ብሏል» የሚል ሕዝብ፣ ኑሮውን በቁጥር ንገረኝ ሲሉት ምን ይበል? ደግም ክፉም ሳይል «አያማርሩበትም» ይላል፤ በቃ። ኦካም የዚያው ምድር ልጅ ናትና ሰው መወትወቱን ነውር አድርጋ ታየዋለች። ስለዚህ «አያማርሩበትም» ላላት ሁሉ ስምንት ትሞላለች።

ከእነዚህ ባለ ስምንቶች አንዱ አይለርት ነበር፤ የግድብ ሠራተኛ የነበረ፣ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ። እሱ ቤት ሦስት ስኒ ሻይ ሳይጠጡ ላፕቶፕ መክፈት አይታሰብም። ሚስቱ ታልከ በሞተችበት ዓመት እንኳ ሻዩን ቀድቶ «አያማርሩበትም» አለ። ኦካ እንባዋን እየጠረገች ስምንት ሞላች።

በሥራዋ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ጠያቂዎቹ ሁሉ ለሥልጠና ሃኖቨር ተጠሩ። ስቫንትየ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ግድግዳው ላይ የየአካባቢውን ሰው የኑሮ እርካታ በመስመር የሚያሳይ ሥዕል አበራች። የሌላው አገር መስመር ሲወጣና ሲወርድ፣ የእነ ኦካ ግን እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል።

«ሐዘን አይነካቸው፣ በሽታ አይነካቸው!» አለች ስቫንትየ በአድናቆት። «የእነዚህን ሰዎች ምስጢር ልናጠና ነው።»

ኦካ ክው አለች። ምስጢሩ ራሷ ናት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጨብጣለች።

በመጋቢት አይለርት ቤት ሄደች። ሦስተኛው ስኒ አለቀ፤ የመጨረሻዋ ጥያቄ ደረሰች።

«አያማርሩበትም» አለ።

«ቁጥር ይስጡኝ፣ አይለርት።»

«አንቺ ታውቂው የለ? እንደ ወትሮው ጻፊዋ።»

«አላውቀውም። ከራሴ ነበር የምሞላልዎት።»

«ስንት እያልሽ?»

«ስምንት።»

«ስምንት!» ብሎ ሳቀ። «ለኔ? ታልከ የሞተች ዓመትም?»

«ያን ዓመትም።»

ሳቁ ቀረ። ስኒውን ገፋ አደረገው። «ሦስት» አለ በመጨረሻ። «ሦስት በይው፣ ልጄ። ሰው የሚያናግረኝ ዳቦ ስገዛና አንቺ ስትመጪ ነው።»

ኦካ ሦስት ሞላች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግን ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ብትናገር ሊያባርሯት ይችላሉ፤ አርባ ሦስቱንም በር ታጣለች። ዝም ብትል፣ ይህ ሰው ያሳለፈው ሐዘን በእሷ እጅ ስምንት እንደተባለ ይቀራል። በማግስቱ ለስቫንትየ ደወለች።

ስቫንትየ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ በዚያች ጥያቄ ላይ ኦካ አሥራ አንድ ዓመት የላከችው መልስ ሁሉ እንዳይሠራበት ምልክት እንደሚደረግበት ነገረቻት። የቢሮው ሰዎች የሌሎቹን ጥያቄዎች መልሶች ወደየቤቱ እየደወሉ አጣሩ፤ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ሥራዋም ተረፈላት።

«ስለደወሉልኝ አመሰግንዎታለሁ» አለች ስቫንትየ። «ባይደውሉ ኖሮ መጽሐፍ ልጽፍበት ነበር።»

ኦካ በዚያው ወር የቀሩትን ቤቶች ቁጥር እየጠየቀች ጨረሰች። አምስት ያላት አለ፤ ስድስት ያላት አለ። አንዲት ሴት ዘጠኝ አለቻት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሆኑን ጨምራ።

በዓመቱ አይለርት በሩን ሳታንኳኳ ከፈተላት። «ያቺ ሦስት አናዳኛለች» አለ ሻዩን እየቀዳ። «በሆዴ ስትኖር ምንም አትለኝም ነበር። ከአፌ ከወጣች በኋላ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ የመንደሩ ሰዎች ካርታ የሚጫወቱበት ቤት እሄዳለሁ።»

«ጨዋታውን ይወዱታል?»

«ያጭበረብራሉ! ሁሉም! ባለፈው ስቀር ግን ቤቴ ድረስ መጥተው ወሰዱኝ።»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ቃል በቃል አነበበችለት። አይለርት ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አሰበ። «አምስት ልልሽ ነበር፤ ትናንት ተሸነፍኩ። አራት ጻፊ።»

ኦካ አራትን ነካች። በሥራ ዘመኗ ብዙ አሥር መዝግባለች፤ እንደዚያች አራት ያስደሰታት ግን አልነበረም።

«ደስ አላለሽም?» አላት።

«ጠያቂ መልስ ሰምቶ ደስ እንዲለው አይፈቀድለትም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ኦካ መልሱ መላኩን አይታ ላፕቶፗን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ሕጉ አይመለከታትምና እጁን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችው።