አተላው እስኪዘቅጥ

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ ቡሽ ይለዋል። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ የወይን ነጋዴ ምድር ቤት ውስጥ ስለሠራ ልብሱም ጣቱም የጠርሙስ ቡሽ ይሸታል። የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ሰውዬው አንዴ አንድ ሐሳብ ላይ ከተወተፈ የሚነቅለው የለም። እወደዋለሁ። ያደረገውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሃምሳ ወይም ስልሳ ዓመት የሚሞላው ሰው ልጆች ይመጡና "አባታችን በተወለደበት ዓመት የተጠመቀ ወይን እንፈልጋለን" ይላሉ። ሰው መቼም ያረጀ ወይን ሁሉ የጣፈጠ ይመስለዋል። ቡሽ ግን አብዛኛው ጠርሙስ ከባለ ልደቱ ቀድሞ እንደሚሞት ያውቃል። አንስቶ አምፖል ፊት ያቆመዋል። ወይኑ ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ጋ ከደረሰ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ ቀለሙ እንደ ቀጭን ሻይ ከሆነም ነገር አልቋል። "ይሄ ለማየት እንጂ ለመጠጣት አይሆንም" ብሎ ይመልሰዋል። በዚህ ምላሱ አሠሪው ስንት ጊዜ ተቆጥቶታል።

እህቴ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ብርጭቆ አልቀመሰችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ እሱ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የምትለው "እጅህን ታጠብ፣ ጨርቄን እንዳትነካ" ነው። ከዚያ ታመመች። ሐኪሙ በሽታው ጉበቷ ላይ መድረሱን ነግሮን "እንግዲህ ሩቅ አታስቡ" ባለን ሳምንት፣ ትራሷን ተደግፋ ቁጭ አለች።

"አንተ ሰውዬ" አለችው፣ "ላገሩ ሰው ሁሉ ዓመቱን ፈልገህ ሰጥተሃል። የኔስ?"

ፊቱ ልውጥ አለ። "ሆዴ፣ ያንቺ ዓመት እኮ ወይኑ ሊለቀም ሲል ዝናብ የመታው ዓመት ነው። ድሮ ኮምጣጤ ሆኖ አልቋል።"

"አየሽ?" አለችኝ እየሳቀች። "እኔ ስወለድ ወይኑ ሳይቀር ፊቱን አጨማደደ።" ከዚያ ሳቋን ተወችው። "አንድ ጉንጭ ይበቃኛል። ከኔ ጋር የተወለደ ነገር ምን ምን እንደሚል ልቅመሰው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡሽ እህል በአፉ አልዞር አለ። ከዚያ ዓመት ሊተርፍ የሚችለው አልኮሉ የበረታ ጣፋጭ ወይን ብቻ እንደሆነ ያውቃል፤ እሱን ፍለጋ ያልረገጠው ደጅ የለም። መጀመሪያ ያገኘው ጠርሙስ ግማሹ ተንኖ ነበር። ሁለተኛውን ከአንድ አሮጌ ሆቴል አምጥቶ ስንከፍተው ሽታው ዓይናችንን አስለቀሰው። "ለሰላጣ ይሁነኝ" ብዬ ብቀልድ ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። ሦስተኛው የተገኘው አንዲት የፎቶ አንሺ ሚስት ዘንድ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ፊልም የሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ግን እንደተዘጋ ነበር። ጠርሙሱ እዚያ፣ ብርሃን በማያውቅ መደርደሪያ ላይ፣ በጎኑ ተኝቶ ኖሯል። ቡሽ ባትሪ አብርቶ አየው፤ ወይኑ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ሴትዮዋ ፊት ቆሞ እንዳለቀሰ እሷው ናት የነገረችኝ።

አውቶቡስ ላይ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አመጣው። እህቴ ዳበሰችውና "በል ክፈተው" አለች።

"አሁንማ አይሆንም። መንገድ ላይ ተናውጧል፤ አተላው ተበጥብጧል። ቆሞ መርጋት አለበት። ሁለት ሳምንት።"

ሁለት ሳምንት! ጆሮዬን አላመንኩም። ጠርሙሱን ኮሪደሩ ላይ ቁም ሣጥኑ ጥግ አቆመው፤ በሩን እንኳን ቀስ ብለን እንድንዘጋ አዘዘን። እህቴ በየጠዋቱ "ዛሬስ ረጋ?" ትለዋለች። "ትንሽ ቀረው ሆዴ" ይላታል።

በአምስተኛው ቀን ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ ወደ ጎን ጠራችኝ። "አፏ መቁሰል ጀምሯል። ከጥቂት ቀን በኋላ የምትቀምሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚሆንባት። የሚያምራት ነገር ካለ አሁን ስጧት።"

ሄጄ እንዳለ ነገርኩት። "ጋሼ፣ በጨርቅ አጥልለው! አተላ ቢኖረውስ ምን አለበት?"

"በጨርቅ?" እናቱን የሰደብኩበት ነው የመሰለው። "ይሄን ሁሉ ዓመት የተረፈ ወይን በኔ እጅ ይደፍረስ? አንዴ ነው የምትቀምሰው። ንጹሕ ነው የምትቀምሰው።"

ዛሬ ሳስበው፣ ጠርሙሱ እስካልተከፈተ ድረስ እሷም የምትቆይ መስሎት ነበር። እኔስ? ጠርሙሱ ኮሪደር ላይ ነበር፤ እሱ ሥራ ሲሄድ ከፍቼ ልሰጣት እችል ነበር። የባለሙያ ቃል ሰማሁና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እሱን ይቅር ያላልኩት ራሴንም ይቅር ስለማልል ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ቡሹን ሳይሰብር ነቀለው። ሳይንቀጠቀጥ ቀዳው፤ አንዲት ቅንጣት አተላ አልወረደችም። መጀመሪያ እሱ ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ለእኔም ሰጠኝ። የደረቀ በለስ፣ ማር፣ ከሁሉም በኋላ የማላውቀው ደስ የሚል መራራ ነገር። እንዲያ ያለ ነገር አፌ ገብቶ አያውቅም። ምነው ተበላሽቶ በነበረ!

እህቴ ከማለዳ ጀምሮ ዓይኗን አልገለጠችም። ራሷን ቀና አድርጌ ያዝኩላት። በሻይ ማንኪያ ከንፈሯ ላይ አፈሰሰላት፤ ዋጠችው።

"ውኃ ነው?" አለች።

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

"አዎ ሆዴ፣ ውኃ ነው" አላት።

"እሰይ። ጨምርልኝ" አለች። "ወይኑ እስኪረጋ።"