የምታለቅሰው ቤታችን

ትናንት ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ውስጥ የራሰ ኮርኒስ ሸተተኝ፤ ያ ጭቃም አሮጌ ጨርቅም የሚመስል ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ የያዝኩትን መጽሐፍ ትቼ ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር ያለው የድሮ ቤታችን ውስጥ ተገኘሁ፣ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሆኜ፤ ፊቴም እንደዚያን ሰሞን በአንዴ ጋለ።

የአማርኛ መምህራችን ዘይቤ ሲያስተምሩን ሁለት ሁለት ስንኝ ጽፈን እንድንመጣ አዘዙን፤ የጅማ ክረምት መቼም ለገጣሚ አይሰስትምና፣ እናቴ ሳፋውን ከአልጋው አጠገብ ወደ ቁም ሳጥኑ ስታዘዋውር እኔ ጥግ ይዤ ጻፍኩ። መምህሩም ወደዱልኝና በዚያ በሚያምር ቁም ጽሑፋቸው ሰሌዳው ላይ ገለበጡት፦

ክረምቱ ሲመጣ ሰማዩ ሲጠቁር፣
ያቺ ትንሽ ቤቴ ታለቅሳለች በምር።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ሰውኛ!" ሲል እኔ በኩራት ከወንበሬ ከፍ ብዬ ነበር፤ ጎረቤቴም ጓደኛዬም የሆነችው የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ሐያት፣ ግን እጇን አወጣች።

"ማሎ ቲቸር፣ ዘይቤ አይደለም! እነሱ ቤት የምር ያፈሳል። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ሳፋ ደፍቼላቸዋለሁ!"

ተማሪው አውካካ፤ ከኋላ አንዱ "ገጣሚት ሳፋ!" ሲል ሌላው ዴስኩን በጣቱ ጠብ ጠብ አደረገው። እናቴ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የምትደብቀውን ገመና እኔ በግጥም አሳምሬ አደባባይ አወጣሁት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ፤ ግነት ነው፣ ግን እውነቴን ነው።

"ሐያት፣ ቤት ዓይን አለው?" አሏት መምህሩ።

"የለውም።"

"ታዲያ በምኑ ያለቅሳል?"

አሰብ አደረገችና "እሺ፣ ሰውኛ ነው" ብላ ተቀመጠች፤ ለምን እንደተሳቀ ጨርሶ አልገባትም፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ደግሞ ሳፋውን ለምን አልጻፍሽውም? ድምፁ እኮ ነው የሚያምረው" አለችኝ።

ደብተሬን ከደንኩት። ከዚያ ወዲያ የጻፍኩት ስለ ባሕር፣ ስለ ጽጌረዳ፣ አንድም ቀን ስላላየሁት በረዷማ ተራራ ነበር፤ ሐያት እያነበበች "ይሄ ደግሞ የት ሀገር ነው?" ትለኝና ትስቅ ነበር፤ አባቷ የስፌት መኪናቸውን ጭነው፣ እሷንም ይዘው ወደ ሰኮሩ ከተማ እስኪሄዱ ድረስ።

አሁን ግጥሜ በሚኒ ሚዲያ ሲነበብ ይጨበጨብልኛል፤ ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ! ተማሪዎቹ ተነጻጻሪ ዘይቤውን፣ ተለዋጭ ዘይቤውን አንድ በአንድ እየነቀሱ ያደንቁልኛል። ከእነሱ መሀል ግን ቤታችን ገብቶ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ የትኛው መስመር ውሸት እንደሆነ እጁን አውጥቶ የሚነግረኝም የለም።