ባዶ የማይተው ዓምድ

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ ክልሉ ወጣት ምሩቃንን መርጦ ለአንድ ዓመት በፖሊሲ ጥናት ሊያሠራ ሲል ስሜ ወጣ። ፌሎሺፕ ይሉታል። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ ቃሉ አልያዝ እያላት «ልጄ መንግሥትን ሊመክር ነው» ትል ነበር። እኔም አምኜ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ጅልነት ደግሜ አላውቅም።

አምቦ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ተመደብኩና ከሸነን ከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኝ ቀበሌ ለጥናት ተላክሁ። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በጭቃው እየመራች ወንዝ ዳር አደረሰችኝ። ድልድይ የለውም። ክረምት ሲሞላ ምጥ የያዛት ሴት ማዶ ትቀራለች። ባለፈው ሐምሌ አንዲት እናት እዚያው ዳር፣ በራሷ በሠራተኛዋ እጅ ላይ እንዳለፈች ነገረችኝ።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ሌላው ይቅር፤ ይቺን ወንዝ ብቻ ጻፍልኝ» አለችኝ።

እጽፋለሁ አልኳት። ጻፍኩም፣ አራት ገጽ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ አንብበው አዘኑና በሪፖርት ቅጹ ላይ ሞልቼ እንዳመጣው አዘዙኝ። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ «ያጋጠመ ችግር» እና «የተወሰደ መፍትሔ»። ሁለተኛውን ባዶ ተውኩት። ባዶ ከሆነ የበላይ አካል እንደሚመልሰው፣ መሥሪያ ቤቱም ተኝቷል እንደሚባል አስረዱኝ። እኔም እንደ ሁሉም ሰው ካለፈው ዓመት ሪፖርት አንዷን መስመር ገለበጥኩ፦ «ከኅብረተሰቡ ጋር በመወያየት ተፈትቷል»። ማን ያነበዋል ብዬ።

አነበቡት። በበጀት ዓመቱ የሚሠሩ ድልድዮች በተመረጡበት ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። የዚያ ወንዝ ተራ ሲደርስ አንዱ ሪፖርቱን ገለጥ አድርጎ ይሄማ ተፈትቷል አለና ተሰረዘ። ተነስቼ አልተፈታም አልኩ።

«በእጅህ ነው እኮ የጻፍከው» አሉኝ አለቃዬ፣ ቀስ ብለው።

ተቀመጥኩ። መሰረዙንም ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ማስተካከያ ደብዳቤ ባረቅቅ ወደ ላይ የሄደ ሪፖርት አይመለስም ተባልኩ። ዓመቱ አለቀና ሰርተፊኬት ሰጡኝ፤ እናቴ ሳሎን ሰቀለችው።

ሐምሌ ላይ የጤና ሠራተኛዋ ደወለች። ከጀርባዋ ወንዙ ይሰማል። አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ይዘው ውሃው እስኪጎድል እየጠበቁ ነበር። ልትወቅሰኝ አልነበረም የደወለችው።

«ያኔ ጽፈህልኝ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ጽፌያለሁ» አልኳት።

ገላቶሚ ብላ አመስግናኝ ስልኩን ዘጋችው።