የጁልየስ መያዣ ግጥም

ስለ ጁልየስ ግላዘር ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ያንን አስቂኝ ዘፈን ነው። እኔ ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር ፊቴን የት እንደምደብቅ ይጠፋኛል።

ፊልም በድምፅ መናገር ከጀመረ ወደ አስር ዓመት ሆኖት ነበር። ጁልየስ በአንድ የሆሊውድ ፊልም ስቱዲዮ የዘፈን ግጥም ጸሐፊ፣ እኔ የልምምድ ፒያኖ መቺው ነበርን። ከኒውዮርክ ቀድሞ የመጣው እሱ ነው፤ ታላቅ እህቱን ሚናን በወሩ አስመጣት። እናታቸው ስትሞት በአስራ አምስት ዓመቷ ሸሚዝ ፋብሪካ ገብታ፣ ቁልፍ እየተከለች ያሳደገችው እሷ ናት። እኔ እሁድ እሁድ ምሳ የምበላው እነሱ ቤት ነበር። ሾርባው እስኪሞቅ ሚና አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ትተኩሳለች፤ ተኩሳ መልሳ ትሰቅለዋለች። ከሃያ ዓመት በፊት ሊዮን የሚባል ኮፍያ ሰፊ ቀለበት አሰረላት፤ ቺካጎ ሥራ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ቀሚሱ የተሰፋው ለሠርጓ ነበር።

"ጨርቅ ካልተተኮሰ ይበላሻል" ትላለች። እኛም አንገታችንን ደፍተን እንበላለን።

በእኛ ሥራ ዜማው ይቀድማል። ግጥም ጸሐፊው የዜማው ልክ እንዳይጠፋበት አፉ ላይ የመጣለትን ቃል ይሰካበታል፤ ይህን መያዣ እንለዋለን። ዋናው ግጥም ሲመጣ መያዣው ይጣላል። ስለዚህ በመያዣ የማይባል ነገር የለም፤ አለቃ ይሰደባል፣ አማት ይቦጨቃል። አንድ ማክሰኞ እኔ ዜማ እየደጋገምኩ ስመታ ጁልየስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አለ፦

እሁድ በመጣ ቁጥር ሰማያዊ ቀሚስ
ትተኩሳለች እሷ ሙሽራው እስኪደርስ፤
ቀሚሱም ሳሳና ካውያውም ዛገ፣
ሙሽራው ከሌላ ስድስት አሳደገ።

ሳቅሁ። የዚያችን ሴት ሾርባ ለዓመታት እንዳልጠጣሁ ሁሉ ፒያኖው ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ። ሳቄን ሰምቶ ፕሮዲዩሰራችን ሃርግሮቭ በሩን ከፈተ።

"ምንድነው እሱ? እስቲ ድገሙት።"

ደገምነው።

"ይሄ ነው! ለፊልማችን ለቆሞ ቀሯ አክስት የሚሆን ዘፈን ይሄ ነው!"

"መያዣ እኮ ነው፤ ነገ ደህናውን አመጣለሁ" አለ ጁልየስ።

"አንዲት ቃል ብትነካ ወየውልህ! ሁለት ፊልም ሙሉ ሳታስቀኝ ከርመህ ዛሬ ገና ሰው ሆንክ።"

"እህቴ ናት" ቢል ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። አላለም። እኔም አላልኩም። የእሱ ውል ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ በእሱ በኩል ነው የሚመጣው። አፍረን ተያየንና ወደ ዜማው ተመለስን።

ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግሌንዴል ከተማ ውስጥ ለሙከራ ታየ። በሙከራ ቀን ሕዝብ ያልሳቀለት የቀልድ ዘፈን በመቀስ ይቆረጣል። ለጁልየስ የቀረችው ተስፋ ይህቺው ነበረች፤ ማንም እንዳይስቅ። ሚናንም ሊያስቀራት ሞክሮ ነበር።

"እታለም፣ ጉንፋን ይዞሻል፤ ዛሬ እንኳን ቅሪ።"

"ካንተ ፊልም ቀርቼ አውቃለሁ? ሂድ ወዲያ!"

መሃላችን ተቀመጠች። አክስቷን የምትጫወተው ተዋናይት ካውያዋን አንስታ ዘፈኑን ጀመረች። አዳራሹ ጭጭ አለ። ቀሚሱ ሳሳ፣ ካውያው ዛገ፤ አሁንም ጭጭ። ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ጁልየስ በሚና ጀርባ በኩል እጄን ያዘ። "ስድስት አሳደገ" ሲባል አንድ ሰው ሳቀ። ሚና ናት። ጮክ ብላ፣ እያጨበጨበች ሳቀች። ከኋላ አንዱ ተከተላት፤ ወዲያው አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ፊት የተቀመጠው ሃርግሮቭ ዞሮ ለጁልየስ በደስታ ራሱን ነቀነቀለት።

ወጥተን መኪና ውስጥ ገባን።

"ምነው ተኮራረፋችሁ?" አለች ሚና። "ሰዉ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ አልነበር እንዴ? ዝም ቢሉ ኖሮ ዘፈኑን ይቆርጡብህ ነበር እኮ።"

ጁልየስ መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። "መያዣ ነበር፣ እታለም። ይጣላል ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ዩዴሌ።" በልጅነት ስሙ ነበር የጠራችው። "ስድስት ያልከው እንዲያው ለግጥሙ ነው ወይስ የምታውቀው ነገር አለ?"

ጁልየስ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

"አራት ናቸው" አለ። "ወደዚህ ስመጣ ቺካጎ ባቡር ጣቢያ ከነሚስቱ ከነልጆቹ አገኘሁት። የዛሬ ስምንት ዓመት። ስድስት የበለጠ ያስቃል ብዬ ነው።"

ሚና ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"ስምንት ዓመት ሙሉ" አለች፣ "እኔ ስተኩስ እያያችሁ ትበሉ ነበር።"

እኔ አላውቅም ነበር ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዘጋሁት። በዚያ ግጥም መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ።