በልዩ ማዘዣ የሚሰጡ ኃላፊ

በኢሕአዴግ ጊዜ ቦንጋ የተመደብኩ ፋርማሲስት ነበርኩ። ያኔ ሦስት የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ላይ ከተቀመጠ ግምገማ ይጀመራል። አለቃም ቢሆን ይገመገማል፣ ሂሱን ይውጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ያንኑ ይሠራል።

አንድ ቀን ከሺሺንዳና ከቢታ ገነት ለመጡ የጤና ሠራተኞች ስለ አደገኛ መድኃኒቶች ሥልጠና ስጥ ተባልኩ። የሁላችንም ኃላፊ ጋሽ ወልዴ ከፊት ተቀምጠዋል።

"አንደኛው ምድብ ጉዳቱ ከባድ ነው፣ ለሕክምናም አይጠቅምም፤ ስለዚህ ክልክል ነው። ሁለተኛው አደገኛ ቢሆንም ይጠቅማል፤ ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎበት በልዩ ማዘዣ ይሰጣል። ሦስተኛው ቀለል ይላል፤ በተራ ማዘዣ ይወጣል። በሉ በቡድን ሆናችሁ ጉዳትና ጥቅሙን እየመዘናችሁ መድቡ" ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ክርክሩ ጦፏል። የቡድኑ ሰብሳቢ ሲስተር አልማዝ ተነሣች።

"ቡድናችን ጋሽ ወልዴን አንደኛው ምድብ አስገብቷቸዋል። ሠራተኛ ያስለቅሳሉ፤ ጥቅማቸው ግን እስካሁን አልታየም።"

"ኧረ መድኃኒት ማለቴ ነው!" አልኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ። ማን ሰምቶኝ! መዝኑ ከተባሉ የለመዱት ሰው መመዘን ነው።

ጋሽ ወልዴ ብድግ አሉ። አለቀልኝ ስል ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

"ሂሱን ተቀብያለሁ" አሉ እንደለመዱት። "አይጠቅሙም የተባለው ግን ተጋኗል። ወደ ሁለተኛው ምድብ ልዛወር።"

የካርድ ክፍሏ እትዬ አስቴር ከኋላ እጃቸውን አወጡ።

"እንስማማለን። ካቢኔት ውስጥ ይቆለፍባቸው፤ ቁልፉ ግን እኛ ጋ ይሁን!"