ሦስት ጊዜ የተመለሰው ቫይረስ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ኦቦ ጉዮ የኮምፒውተር ጥገና ሱቃቸውን ከፍተው ገቡና ወደ ወንበሩ እያመለከቱ፣ "ቁጭ በል" አሉኝ። ከኋላዬ ወንድ የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ኦቦ ጉዮ አማርኛ የተማሩት ከከባድ መኪና ሾፌሮች ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚሉት። እኔም ቶሎ ለመድኩት።

የተወለድኩት እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ነው። ናይሮቢ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ ሰርተፊኬቴን በፕላስቲክ አሽጌ ነበር የተመለስኩት። ኦቦ ጉዮ ሰርተፊኬቱን አላነበቡትም። ጠረጴዛው ላይ የነበረ ፍላሽ አንስተው ሰጡኝ።

"የአስተማሪው ነው። ሥራዬ ሁሉ ጠፋ ብሎ አመጣው። ምን ሆነ?"

ፍላሹን ሰክቼ ከፈትኩት። ፎልደሮቹ ስማቸው አለ፣ ነገር ግን ሁሉም ሾርትከት፣ ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት ብቻ፣ ሆነዋል።

"ጠፍቷል" አልኩ።

"ፍላሹ ምን ያህል ሞልቷል?"

አየሁት። "ከግማሽ በላይ።"

"ባዶ ቤት እንዴት ግማሹ ይሞላል?" አሉኝ።

ኦቦ ጉዮ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው አንዲት መስመር ጻፉ። የአስተማሪው ፈተናዎች፣ የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር፣ የልጁ የልደት ፎቶ ሳይቀር አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፋይሎች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት አስቀምጧል። ሰውየው ሾርትከቱን ሲጫን ፋይሉም ይከፈትለታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ለወራት ምንም ሳይጠረጥር ሲሠራ ኖሯል፤ የደነገጠው ሾርትከቶቹ አልከፍት ያሉት ዕለት ነው።

ያን ቀን ምሳ መብላቴን ረሳሁ። ይህን የጻፈው ማነው? ከየት ተነስቶ ሞያሌ ደረሰ? ማን ለማን አቀበለው? ኮሌጅ ሳለሁ ቫይረስን በትርጉሙ ብቻ ነበር የማውቀው። አሁን ግን መንገደኛ ሆኖ ታየኝ።

ኦቦ ጉዮ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። የነካሁትን ኮምፒውተር ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ የማን እንደሆነ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ምን እንዳገኘሁበት፣ ምን እንዳደረግኩለት። "ጭንቅላት ይረሳል" ይሉ ነበር።

በከተማው ሰው አፍ ብዙም ሳይቆይ "ፉንዲ አስቴር" ሆንኩ። ፉንዲ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው፤ ግንበኛውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ እኔም ፉንዲ ነን።

አንድ ጊዜ የሆቴል ባለቤቱ ጋሼ ሙሉጌታ ደወሉልኝ። "አስቴርዬ፣ ፕሪንተሩ ሰይጣን ገብቶበታል። ማንም ሳይነካው ያትማል።" ሄድኩ። ወረቀቱን ሳየው የጭነት ሰነድ ነው። አንዱ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ያረፈ ሾፌር ከስልኩ ላይ "አትም" ብሎ ነክቶ፣ ስልኩ በዋይፋዩ ያገኘውን ፕሪንተር መርጧል። እኔን የገረመኝ ፕሪንተሩ አልነበረም። ሾፌሩ ሳያስበው እዚያ ከደረሰ፣ አስቦ የሚመጣ ሰው የእንግዶቹ ፓስፖርት ቅጂ ያለበት ኮምፒውተር ድረስ ይገባል። የዋይፋይ ማሰራጫው የይለፍ ቃልም ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር። የእንግዶቹን መስመር ከቢሮው ለየሁ፣ የይለፍ ቃሎቹን ቀየርኩ። ጋሼ ሙሉጌታ፣ "ታዲያ ሰይጣኑ ወጣ?" ብለው ጠየቁኝ። "በሩ ተዘጋበት" አልኳቸው።

በሁለተኛው ዓመት ኦቦ ጉዮን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለመንኩ። ከኢንተርኔትም ከሌላ ማሽንም ጋር አላገናኘውም። ያገኘሁትን ቫይረስ እዚያ ላይ እለቅና ባዶ ፍላሽ ሰክቼ ምን እንደሚያደርግ እቆጥራለሁ። አንዱ ፍላሹን ለመያዝ ሦስት ሰከንድ ይበቃዋል። ሌላው ፍላሹ ውስጥ ፎቶ ከሌለ ዞር ብሎም አያየውም። ኦቦ ጉዮ ከኋላዬ ቆመው፣ "ሰው ፊልም ያያል፤ አንተ ይህን ታያለህ" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ የክሊኒኩ ነገር መጣ።

ሲስተር ቃባሌ ማንያታ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ክሊኒክ አላቸው። ረጅም ሕክምና ላይ ያሉ በሽተኞቻቸው ብዙዎቹ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ከከተማው ውጪ ቦሪ እና ኡራን በተባሉ ቦታዎች ነው የሚኖሩት። ሲስተር በየጊዜው በጭነት ሎሪ ተሳፍረው መድኃኒት ያደርሱላቸዋል። ለማን የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠ፣ ስንተኛ ወሩ እንደሆነ፣ በየትኛው የውሃ ቦታ እንደሚገኝ የተጻፈበት ዝርዝር ያለው በአንዲት ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተሯ ኢንተርኔት የላትም። በሥራ ላይ የሚቀመጥባት የመዝገብ ሠራተኛው ማሊቻ ነው።

መጀመሪያ ሲደውሉልኝ ፋይሎቹ ሾርትከት ሆነው ነበር። አጸዳሁት። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ደወሉ። አሁንም አጸዳሁ፣ ፀረ ቫይረሱንም በፍላሼ ይዤ ሄጄ አደስኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ግን ድምፃቸው ሌላ ነበር።

"አስቴር፣ ሐሙስ ኡራን እንሄዳለን። ዝርዝሩ አይከፈትም።"

ስደርስ ፋይሉ አለ፣ ግን ተሰብሯል። ቫይረሱ ፋይሎቹን በሚነካካበት ሰዓት መብራት ጠፍቶ ኖሮ ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል። የነበረኝን ማስመለሻ ሁሉ ሞከርኩ። አልሆነም።

ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ቫይረስ የሚያገኘው በፍላሽ ነው። ቀና ብዬ ማሊቻን አየሁት።

"ፊልም የምታይበት ፍላሽ አለህ?"

"አለኝ። እዚህ አስገብቼው አላውቅም።"

"ታዲያ በራሱ ገባ?" አልኩት። "እኔ አጸዳለሁ፣ አንተ ታበላሻለህ። የሰው ሕይወት ነው እኮ!"

ማሊቻ ሲስተርን አያቸው። እሳቸው ዝም አሉ። ዝምታው ከእኔ ንግግር ይልቅ ጎዳው መሰለኝ። የኮምፒውተሩን ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ይህን ዕቃ አልነካም" ብሎ ወጣ።

ኮምፒውተሩን ከማጽዳቴ በፊት ቫይረሱ መቼ እንደገባ ማየት ፈለግኩ። የማሊቻን ጥፋት በሰዓት ላረጋግጥበት ነበር ሐሳቤ። የቫይረሱን ፋይል አገኘሁት። የተፈጠረበትን ቀንና ሰዓት ይናገራል፤ ካለፈው በፊት የነበረው ሳምንት ማክሰኞ፣ 10፡12። የኮምፒውተሩ ሰዓት በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

"ሲስተር፣ በዚያ ማክሰኞ ማሊቻ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር?"

አሰቡና፣ "የለም፣ ቦሪ ልኬው ነበር" አሉ። "ያን ቀን የተቀመጥሽበት አንቺ ነሽ። ልታጸጂው የመጣሽ ዕለት።"

ሱቅ ተመልሼ ደብተሩን ገለጥኩ። ማክሰኞ፣ ክሊኒክ፣ አራት ሰዓት፣ ጸድቷል። በእጄ ጽሑፍ። ወደ ኋላ ገለበጥኩ። ክሊኒኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመደወሉ ጥቂት ቀን በፊት ፕሪንተር ልገጥም ሄጃለሁ። የአስተማሪው ትምህርት ቤት፣ የጋሼ ሙሉጌታ ሆቴል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም እንዲሁ ናቸው። እኔ ሄድኩ፣ ከቀናት በኋላ ደወሉ። ሰዉ ሲደውል የወደደኝ ይመስለኝ ነበር።

ፍላሼን አወጣሁ። ውስጡ "መሣሪያ" የሚል ፎልደር አለ። በየደንበኛው ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ የምገለብጠው እሱን ነው። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ኮሌጅ ሳለሁ ጓደኛዬ የሰጠኝ ያልተገዛ ዊንዶውስ የሚከፍት ፕሮግራም ነበር፤ በየሄድኩበት እከፍተዋለሁ። ፀረ ቫይረሱ ባየው ቁጥር ስለሚያጠፋብኝ ተናድጄ፣ "ይህን ፎልደር አትመርምር" ብዬ አዝዤው ነበር። በሱቃችን ኮምፒውተርም በየደንበኛውም እንዲሁ አዝዣለሁ።

ፍላሹን በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፣ ፎልደሩን ገለበጥኩ፣ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ምንም አልሆነም። አንድ ቀን ቢጠብቅስ ብዬ የኮምፒውተሩን ቀን ወደፊት ገፋሁት። ምንም የለም። ሁለት ቀን። ሦስት። አራተኛው ላይ ሳደርሰው ፎልደሮቹ ዓይኔ እያየ ሾርትከት ሆኑ። መጀመሪያ የተሰማኝ፣ ላልዋሽ፣ ደስታ ነው። አገኘሁት! ቀጥሎ የማሊቻ ፊት ትዝ አለኝ።

ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ፎልደሩን አጠፋለሁ፣ ፍላሹን እጥላለሁ፣ ሁሉም ጋ ዞሬ "ለምርመራ መጣሁ" ብዬ አጸዳለሁ። እንዲያውም ያመሰግኑኛል። ይህን እያሰብኩ ሳለ ኦቦ ጉዮ ገቡና አሮጌውን ኮምፒውተር አዩ።

"ዛሬ ደግሞ የማንን ነው የምታየው?"

"የራሴን" አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ደብተሩን ተቀብለው ቆመው አነበቡ። "ስንት ቦታ ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"ያንን ፎልደር እኔም አይቼው ነበር" አሉ ደብተሩን እየዘጉ። "ለምን አይመረመርም ብዬ አልጠየቅኩህም። ሱቁን ዝጋ፣ አብረን እንዞራለን።"

"ደንበኛ እናጣለን፣ ኦቦ።"

"እናጣለን" አሉ።

እሳቸው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ፤ እኔ በቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ወደ ማሊቻ ቤት። ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ በር እየጠገነ አገኘሁት። ቫይረሱን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ያለ ጥፋቱ እንደከሰስኩት ነገርኩት። መዶሻውን አላስቀመጠም።

"የሰደብሽኝ እዚህ ነው?"

"አይደለም። ክሊኒኩ ውስጥ ነው።"

"በማን ፊት?"

"በሲስተር ፊት።"

"እንግዲያው እዚያ ተናገሪው።"

ሄድን። ሲስተር ቃባሌ ፊት ቆሜ ያንኑ ደገምኩ። ሁለት በሽተኞችም ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ሲስተር ወደ ማሊቻ ዞረው፣ "ፖሌ፣ ይቅርታ ልጄ፣ ዝም ማለት አልነበረብኝም" አሉት። ለእኔ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ዝርዝሩስ?"

መልሱ ከማሊቻ መጣ። ዝርዝሩ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የበሽተኞቹን የወረቀት ካርዶች ሲስተር እንዲያቃጥላቸው ነግረውት ነበር። አላቃጠላቸውም። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ አድርጎ ዕቃ ቤት ቆልፎባቸዋል። አዳዲሶቹን በሽተኞችም በካርድ መመዝገቡን አልተወም።

"ይህን ዕቃ አምኜው አላውቅም" አለኝ ወደ ኮምፒውተሩ እያየ። "ጥፋቴ ይህ ብቻ ነው።"

ማክሰኞና ረቡዕ እሱ ካርዱን ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሥራው ውጪ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ስም ስሳሳት ካርዱን ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ ያሳየኛል። ሐሙስ ጠዋት ሎሪው ወደ ኡራን ሲነሳ ሲስተር የታተመውን ዝርዝር ደረታቸው ላይ ይዘው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሲመለሱ፣ "ያልደረሰው የለም" አሉኝ።

ከአሥራ አንዱ ደንበኞች ፎቶ ኮፒ ቤቱና ሌላ አንድ ሱቅ ትተውን ሄዱ። አልወቀስኳቸውም። ጋሼ ሙሉጌታ ነገሩን እስኪጨርሱ አዳመጡና፣ "ታዲያ ሰይጣኑን ያመጣሽው አንቺ ነሻ!" ብለው ሳቁብኝ፤ ለከተማውም አወሩት። ማሊቻ ሰላምታ የመለሰልኝ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው፤ ወራት አልፎ ማለት ነው። አሁንም ክሊኒኩ ውስጥ ይሠራል። የዝርዝሩን ቅጂ በየሳምንቱ አትሞ ያስቀምጣል፤ እኔም ሌሎች ደንበኞቼ እንደሱ እንዲያደርጉ እነግራለሁ።

ያልተገዛ ፕሮግራም የሚከፍት ነገር ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም። የምጠቀምበት ፍላሽ ጎኑ ላይ ማንሸራተቻ ቁልፍ ያለው፣ ሲቆለፍ ምንም የማይጻፍበት ነው። ደንበኛ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማስመረምረው የራሴን ፍላሽ ነው፣ ባለቤቱ እያየ። አዲስ የሚቀጠሩ ፉንዲዎችን የማስተምረውም ከዚህ ተነስቼ ነው። በዚህ ሥራ በብዛት የማገኘው ቫይረስ በማይታወቅ ሰው አልገባም። የገባው በሚታመን ሰው እጅ ነው፤ የሚታመን የተባለ እጅ ደግሞ አይመረመርም።